ሠላሳ ሜትር

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ከዛሬ ጀምሮ የሰባተኛው ማሰሪያ እመቤት እኔ ነኝ! ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህች ለአንዷ ዓረፍተ ነገር ስል ነው፤ የቀረው ገጽ ምርቃት ነው።

አባባ የጀልባዋን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሐይቁ ጋር የታገሉባት ጀልባ ናት። ዓይናቸው ዓምና ጨርሶ ባይከዳቸው ኖሮ ቁልፉን ከእጃቸው የሚያስለቅቅ ሰው አይገኝም ነበር። "አደራ" አላሉኝም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ቆጣሪው ሠላሳ ሲል አቁሚ። ሙቀቱ ሲበረታ ትልልቆቹ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ይወርዳሉ። ሠላሳ ሜትር ላይ ታገኛቸዋለሽ። ሃያ ላይ ውሃ ነው ያለው፤ አርባ ላይም ውሃ ነው ያለው።"

ቆጣሪው ያለው ማውረጃው ላይ ነው። ማውረጃችን እንደ ጀልባዋ ሽማግሌ ነው፦ በጎኗ የተበየደ የብረት ክንድ፣ ክንዱ ሥር ሽቦ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ፣ ከሽቦው ጫፍ ደግሞ አምስት ኪሎ የእርሳስ ኳስ። የዓሣ ማባበያውን የያዘውን የማጥመጃ ዘንግ ክር ኳሱ አጠገብ ባለው መቆንጠጫ ታስይዥና ኳሱን ታወርጃለሽ። ኳሱ ማባበያውን ይዞት ይወርዳል። ጀልባዋ በእግረኛ ፍጥነት ስትጎትተው ዓሣው ይነክሳል፣ ክሩ ከመቆንጠጫው ፈልቀቅ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ትግሉ የአንቺና የዓሣው ነው። ማጠንጠኛው ሲዞር ቆጣሪው ስንት ሜትር እንደወረደ ያሳያል።

የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ሕግ አጭር ነው። እስከ ግንቦት 11 ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ አራት መቶ ኪሎ ዓሣ ያላስመዘነ ጀልባ ማሰሪያውን፣ ማለትም ወደቡ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ፣ ለተረኛ ይለቅቃል። ማሰሪያ የሌለው ጀልባ ደግሞ ግቢ ውስጥ የተገለበጠ ገንዳ ማለት ነው። ተረኛው ሁለት ሞተር ነው። ስሙ አይደለም፤ ጀልባው ላይ ሁለት ሞተር ከሰቀለ ወዲህ ግን እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። አንድ ማሰሪያ አለው፣ ሁለተኛ ጀልባ ገዝቷል፣ ዓይኑን የጣለው የእኛ ላይ ነው። ዛሬ ወደቡ ላይ፣ "እህቴ፣ ሲደክምሽ ንገሪኝ" አለኝ።

"ሲደክመኝ የምነግረው ትራስ አለኝ" አልኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ማውረጃውን ብሎን በብሎን ፈታሁት፣ በጋዝ አጠብኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ማንም አላገዘኝም! አንድ ብሎን ተርፎኛል፤ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አስፈላጊ ቢሆን ኖሮ ቦታው ይገኝ ነበር።

ጥርሱን፣ ዘንጉን፣ እጀታውን፣ ሁሉንም ግራሶ በግራሶ አደረግኩት። ፍሬኑ ውስጥ አንዲት ደረቅ ቆዳ አገኘሁ። ድርቀቷ አሳዘነኝና እሷንም ቀባኋት። አሁን ማጠንጠኛው በአንድ ጣት ይሽከረከራል። በአባባ ጊዜ እንኳ እንዲህ ለስልሶ አያውቅም።

ዓርብ፣ መጋቢት 7፣ ቀትር

ጉድ ሆንኩ። በኋላ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ አመሻሽ

እሺ። ከመጀመሪያው።

መሪውን የሚይዝልኝ ጋሼ ጡሩምባ ነው፤ የአባባ ጎረቤት፣ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ። ድምፁ ከአውቶቡሱ ጡሩምባ ስለሚበልጥ ነው ስሙ የወጣለት። በእግረኛ ፍጥነት መንዳት ያንገበግበዋል። "ይህማ መንዳት አይደለም፣ ቀብር ማጀብ ነው" እያለ ሲያጉረመርም ማሰሪያችንን ለቅቀን ወጣን። ፀሐይ፣ ጸጥ ያለ ውሃ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ። ማባበያውን ከመቆንጠጫው አስያዝኩ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ላላ አደረግኩ።

ቀስ የሚባል ነገር የለም። ኳሱ እንደ ድንጋይ ወረደ። ፍሬኑን አጠበቅኩት፣ አጠበቅኩት፣ ወይ ፍንክች! ያቺ ያሳዘነችኝ ቆዳ ግራሶ ጠግባ ታንሸራትታለች። ማጠንጠኛው እየጮኸ ዞረ፤ ኳሱ አፈር ነክቶ ሲቆም እንኳ ማጠንጠኛው መዞሩን አልተወም። ሽቦው እየተፈታ በላዩ ላይ ተንጨፈረረ፣ እርስ በርሱ ተበላላ፣ ተቆላለፈ። ጋሼ ጡሩምባ፣ "ፍሬን የለሽም እንዴ?!" ብሎ ጮኸ። ማዶ ያሉት ጀልባዎች ሳይሰሙ አልቀሩም።

ኳሱን በእጃችን ጎትተን አወጣን። ሽቦው ግን በየክንድ ርዝመቱ ተጣጥፏል። የተጣጠፈ ሽቦ ደግሞ ቢያቃኑትም አንድ ቀን ከዚያው ይበጠሳል። ቆረጥኩት። ስድሳ ሜትር! ከመቶ ሃያው ግማሹ። ቁራጩን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ከመቅዘፊያው ሥር ደበቅኩት። ከዚያ ግን፣ መቼም እውነቱ ይነገር፣ የሠራሁት ሥራ ያኮራል፦ አዲሱን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አዞርኩ፣ በመዶሻ ጨፈለቅኩት፣ ኳሱን ሰቅዬ ራሴ ተንጠለጠልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ቆዳዋንም በቤንዚን አጥቤ በአመድ አሸሁ፤ ፍሬኑ አሁን ይይዛል። ስድሳ ሜትር ሽቦ ለሠላሳ ሜትር ጥልቀት ይተርፋል። ምን ጎደለ? ምንም።

ቤት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ናቸው። "ማውረጃው እንዴት ዋለ?" አሉኝ።

"እንደ ወትሮው።"

"ስንት ያዝሽ?"

"ሁለት። ትንንሽ ናቸው።"

አንድም አልያዝኩም። ግን በመጀመሪያው ቀን እንዴት ይባላል? "እስቲ እጅሽን" አሉኝና ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ቶሎም አልለቀቁትም። እርጅና ሆድ ያባባል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሁለት። እውነተኛ ዓሣ! ትልቋ ሁለት ኪሎ ከሩብ። ሚዛኑን የሚይዙት እትዬ ሚዛን ስሜን ከነሰባተኛው ማሰሪያ ጽፈው፣ "በርቺ" አሉኝ። ጮቤ ረገጥኩ።

ሁለት ሞተር ግን በአንድ ጠዋት ሠላሳ ኪሎ አወረደ።

ሰኞ፣ መጋቢት 24

ቆጣሪው ሠላሳ ሲል አቆማለሁ። ልክ ሠላሳ። ሃያ ዘጠኝ አይደለም፣ ሠላሳ አንድ አይደለም። ቀይ ማባበያ፣ የብር ማባበያ፣ አረንጓዴ ማባበያ። መቆንጠጫውን አጠበቅኩ፣ ንክሻው እንዳያመልጠኝ አላላሁ። ጋሼ ጡሩምባ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጨመረ፣ ተመላለሰ፤ እዚያው መስመር ላይ ሠላሳ ጊዜ ስንሄድ፣ "መስመር 7፣ ወራጅ አለ?" እያለ ይቀልዳል። ወራጅም ተሳፋሪም የለም። ከአባባ ምልክት አልወጣሁም፦ የውሃ ማማው ከቀዩ ጣሪያ ጋር በአንድ መስመር፣ የሰሜኑ ቋጥኝ በግራ። እነ ሁለት ሞተር እዚያው አጠገቤ ያወጣሉ።

"ስንት ሜትር ላይ ነህ?" ብዬ ጮህኩለት።

"አባትሽ አልነገሩሽም?" አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት፤ ማን እንዳለው አላየሁም፦ "ሽማግሌው ጀልባውን ሰጣት እንጂ ዓሣውን አልሰጣትም።" ሳቁ።

እኔም ጀሪካኔን ሞልቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ በመካከላቸው አለፍኩ። አልቀይም። አሁንም አልቀየምኩም። ይህን የምጽፈው ስላልቀየምኩ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 28

አባባ፦ "ስንት?"

እኔ፦ "አምስት።"

አንድ።

እጄን ያዙ። ደብተሬ፣ እውነቱን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ሽማግሌ ሰው ለምን ይጨነቅ? ውሸቱ ለእሳቸው ጤና ነው። ቤት ከመግባቴ በፊት በቧንቧው ሥር እጄን በሳሙና አጥቤ፣ ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ፊቴን ፈታ አድርጌ ነው የምገባው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

ዛሬ ድል! የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ "ከአራት መቶው ሩቡ እንኳ አልደረስሽም፤ በክብር ብትለቅቂ ለአባትሽ ስምም ጥሩ ነው፤ ሁለት ሞተር ከሰኞ ጀምሮ ይግባበት" አለኝ፤ ሁለት ሞተር አጠገቡ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። የማኅበሩን ደንብ ከግድግዳው ላይ አውርጄ አነበብኩለት። "እስከ ግንቦት 11 ስድስት ሰዓት" ይላል፤ "አንገቷን እስክትደፋ" አይልም። እትዬ ሚዛን ከሚዛናቸው ኋላ ሆነው፣ "ልክ ናት" አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወጥተን እስከ ቀትር ጎተትን። ባዶ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

ዘጠና ስድስት ኪሎ። አንድ ወር ቀረው፤ ሦስት መቶ አራት ኪሎ።

ጋሼ ጡሩምባ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። የእሱ ዝቅታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው፣ ግን ዝቅ አደረገ። "የሽቦውን ነገር ለአባትሽ ንገሪያቸው" አለኝ።

"ሽቦው ምን አገባው? ይወርዳል፣ ይወጣል።"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አውቶቡስ ላይ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ሌላው ሲበላሽ መጀመሪያ የተበላሸውን ነበር የምናየው።"

ሾፌር! ሐይቅ ላይ ስለ አውቶቡስ ይነግረኛል። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። አሁን ሳስበው፣ ያኮረፍኩት እሱን አይመስለኝም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ አንዲትም ቃል አላስቀርም።

የማውረጃው እጀታ ስለተላወሰ ላጠብቀው ማጠንጠኛውን ከክንዱ ፈትቼ ቤት አመጣሁት። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ስሠራ አባባ ጆሯቸው ቆመ። "ማውረጃው ነው? ማጠንጠኛውን እስቲ ወዲህ በይ።"

ምን ብዬ ልከልክል? ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንደ ሕፃን አቅፈው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ከጠርዙ ወደ ሽቦው ሰደዱ። ጣቶቹ ጠለቁ። እንደገና ሰደዱ።

"ሆዱ የት ሄደ?" አሉ።

"የምን ሆድ?"

"ልጄ፣ ይህን ማጠንጠኛ ከአንቺ ይልቅ ታቅፌዋለሁ። ሽቦው እስከ ከንፈሩ ነበር የሚሞላው። ስንት ቆረጥሽ?"

"ስድሳ።"

"መቼ?"

"በመጀመሪያው ቀን።" ከዚያ እንደ ተበሳ ጆንያ ተዘረገፍኩ፦ ግራሶው፣ ቆዳዋ፣ የኳሱ መውደቅ፣ ጆንያው፣ ሁለት ትንንሽ ያልኳቸው፣ አምስት ያልኳቸው። ስጨርስ አለቀስኩ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ ግራሶ በነካ እጄ ዓይኔን እያሸሁ አለቀስኩ። "ቁልፉን ለኔ በመስጠትዎ እንዳይቆጩ ብዬ ነው" አልኩ። ይህን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

የአባባ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው!

"ፍሬኑን ግራሶ ቀባሽው?"

"አሳዘነችኝ።"

"እኔም በመጀመሪያው ዓመት ቀብቻታለሁ። እኔንም አሳዝናኝ ነበር። ለእናትሽ እንኳ ሳልናገር ነው የቀረሁት፤ ነፍሷን ይማር፣ ሳታውቅ ሞተች።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "በይ ስሚ። ቆጣሪው ሜትር የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው ዙር ነው። ማጠንጠኛው ሲጠግብ አንዱ ዙር ብዙ ሽቦ ይለቅቃል፤ ሲከሳ ግን ትንሽ። አንቺ ሠላሳ ሲልሽ ሠላሳ አልደረሰም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ሲባል አልሰማሽም?"

"ዓሣ እንዳልያዝኩ ግን ያውቁ ነበር?"

"እጅሽ" አሉ። "ከመጋቢት ጀምሮ ሳሙና ሳሙና ይላል። የዓሣ ሽታ በሳሙና የሚለቅ ቢሆን ኖሮ እናትሽ ሠላሳ ዓመት ከኔ ጋር ባልተጨቃጨቀች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ራስሽ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። ሳልጠይቅሽ የቀረሁበት ቀን አለ?"

የለም። አንድም ቀን አልቀረም። እኔ ነኝ እርጅና ያልኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ሐይቅ አልወጣንም። መንገድ ላይ ነው ያጠመድነው!

ማጠንጠኛውን በራችን ደፍ ላይ አሰርኩት። ጋሼ ጡሩምባ ኳሱን ታቅፎ በሰፈሩ መንገድ ቁልቁል ሄደ፣ ሽቦው ከኋላው እየተፈታ። አባባ ሽቦውን በሁለት ጣት ይዘው ቆመዋል። እኔ ቆጣሪውን አያለሁ። ሠላሳ ሲል "ቁም!" አልኩ። "ቁም!" ብሎ ጋሼ ጡሩምባ ራሱ ለራሱ ደገመው፤ አንድ ብስክሌት ሳይቀር ቆመ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ሜትሩን ይዞ ወጣና ከደፉ ጀምሮ ለካ። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ ብሏል።

ሃያ ሁለት ሜትር ከግማሽ።

"አርባ ቀን ሙሉ የዓሣዎቹን ጣሪያ ስትጠርጊ ከርመሻላ!" አሉ አባባ። መንገዱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከመጋቢት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አዲስ ሽቦ ቢታዘዝ የሚደርሰው ከግንቦት በኋላ ነው። አባባ መላ ነበራቸው። "ሆዱን ሙዪው" አሉ። ሽቦውን በሙሉ ፈትተን፣ ባዶውን ማጠንጠኛ መጀመሪያ በአሮጌ የናይለን ገመድ ጠቀለልነው፤ ገመዱን አባባ እየወጠሩ፣ እኔ እያዞርኩ፣ ክር ከክር ሳይደራረብ። በላዩ ስድሳውን ሜትር ሽቦ መለስን። አባባ ጣታቸውን ሰደዱ። ጥቂት ቀረ አሉ፤ ፈታን፣ ገመድ ጨመርን፣ እንደገና ጠቀለልን። በሦስተኛው ሽቦው ከከንፈሩ ጋር እኩል ሆነ። ጋሼ ጡሩምባ ኳሱን አቅፎ እንደገና ቁልቁል ወረደ። ቆጣሪው ሠላሳ ሲል ልብስ ሰፊው ለካ።

ሠላሳ። ከአንድ ስንዝር ጋር።

"ስንዝሯን ለዓሣው እንተውለት" አሉ አባባ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ሦስት! በአንድ ጠዋት ሦስት! አራት ኪሎ፣ ሦስት ተኩል፣ አምስት!

የመጀመሪያው ሲነክስ ዘንጉ ቀና ብሎ ወዲያው ጎበጠ፣ ክሩ ከመቆንጠጫው ቷ ብሎ ሲፈለቀቅ ሰማሁት። ጋሼ ጡሩምባ መሪውን ለቅቆ ተነሣና ጀልባዋ ዞረች፤ "መሪ! መሪ!" እያልኩ እየጮህኩ፣ በአንድ እጄ ኳሱን ወደ ላይ እያዞርኩ፣ በሌላው ዘንጉን ይዤ፣ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ከታች የመጣ ዓሣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ጉንጬ ላይ አደረግኩት። አዎ፣ አደረግኩት፤ ማንም አይስቅብኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 20

በየማለዳው፦ ሽቦውን በጨርቅ ውስጥ አሳልፋለሁ፤ ክር የሳበ ቦታ ካለ ጨርቁ ይይዘዋል። የኳሱን ማሰሪያ አያለሁ። መቆንጠጫውን በጣቴ እሞክራለሁ። ፍሬኑ ደረቅ! ቆዳዋ ብትሞት ግራሶ አታይም።

አንድ መቶ ስድሳ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

ሁለት ሞተር ጀልባውን አስጠግቶ፣ "ስንት ሜትር ላይ ነሽ?" አለኝ።

"አባትህን ጠይቅ" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። "ሠላሳ" አልኩት። ፊቱን ባየኸው! ያወቅኩት ነገር አለ፤ እውነት የተናገረ ሰው የሚያስታውሰው ነገር ያንስለታል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ሁለት መቶ ስድሳ አንድ። ክንዴ ዝሏል። እጀታው መዳፌን ልጦታል። ደስ ይላል።

አባባ፦ "ስንት?" እኔ፦ "ስድስት።" ስድስት!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ሦስት መቶ ሰባ አራት። ነገ ከቀናን ያልቃል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ትናንት ንፋስ። ዛሬ ንፋስ። ማዕበሉ የወደቡን ግድግዳ ይዘልላል። ማንም አልወጣም። ጋሼ ጡሩምባ በጡረታ ደብተሩ ምሎ እወጣለሁ አለ፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሃያ ስድስት ኪሎ ለአንድ ሽማግሌ ሾፌር አይለወጥም። ሁለት ሞተር ማሰሪያችን አጠገብ ቆሞ ገመዱን በዓይኑ ሲለካ አየሁት።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ከቀትር በኋላ ጋብ አለ። አሥራ ስምንት ኪሎ! ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት ሆነ። ስምንት ቀረኝ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። አባባ፣ "ነገ ወደብ ውሰጂኝ፤ ተቀምጬ እጠብቃለሁ" አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ወደብ ወርደው አያውቁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ጽሑፌ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንም ይነበብ።

አባባን ከእትዬ ሚዛን አጠገብ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጫቸው ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሰሜኑ ቋጥኝ አጠገብ ኳሱ ተሰነቀረ። ንፋሱ ከመስመር አውጥቶን ኖሯል። ጋሼ ጡሩምባ ወደ ኋላ መለሰ፣ ሽቦውን ላላ አደረግኩ፣ ጎተትኩ፣ አልሆነም። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ጓ ብሎ ተሰበረ። ሽቦው ብቻውን ወጣ። ኳሱ ሐይቅ ውስጥ ቀረ፤ ሌላ ኳስ የለንም። ያለ ኳስ ማባበያው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል እንጂ ሠላሳ አይደርስም።

በሙሉ ፍጥነት ወደ ወደብ! ጋሼ ጡሩምባ ሁለት ወር የታመቀ መንዳቱን ዛሬ ነዳው። ሱቆች አልተከፈቱም። ከጀልባዎቹ ትርፍ ኳስ ለመንኩ፤ ያላቸው ሁሉ ውሃ ላይ ናቸው። ወደብ የቀረው ሁለት ሞተር አንድ ኳስ አለው፤ "የኔ ታስፈልገኛለች" አለ። እውነቱን ነው፣ አልፈረድኩበትም። አባባ አግዳሚው ላይ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ። ድንገት፣ "እትዬ" አሉ፣ "ያቺ ባለ ቀለበቷ የአምስት ኪሎ ድንጋይዎ የት አለች?"

እትዬ ሚዛን ሚዛናቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። የሚዛናቸው ድንጋዮች ብረት ናቸው፣ የአምስት ኪሎዋ አናት ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አላት። ሃያ ዓመት ለማንም አበድረው አያውቁም። "እኔ በሁለትና በሦስት እመዝናለሁ" አሉና አነሡልኝ። "ብትጠፋብኝ ግን አንቺን ነው ሚዛኑ ላይ የማስቀምጠው።"

አዲስ ቀለበት አስገባሁ፣ ጨፈለቅኩ፣ ተንጠለጠልኩበት። ወጣን። አራት ሰዓት ተኩል። ከውሃ ማማውና ከቀዩ ጣሪያ መስመር ገባን፣ ቋጥኙን በሩቁ ተውነው። የሚዛኗ ድንጋይ ወረደች፦ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። አቆምኩ። ዘንጉን እያየሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንደኛው ነከሰ። ወጣ። አምስት ኪሎ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አይበቃም። መልሼ አወረድኩ። አምስት ሰዓት አለፈ። አምስት ተኩል ሊሆን ነው። "እንመለስ" አለ ጋሼ ጡሩምባ፤ "አንድ ዙር" አልኩት። "ሁለት ወር ሙሉ አንድ ዙር ስትይኝ ነው የከረምሽው" አለና ዞረ። ሲዞር ክሩ ከመቆንጠጫው ቷ ብሎ ተፈለቀቀ፣ ዘንጉ እስከ ውሃው ጎበጠ። እጮሃለሁ፣ እሱ ይጮሃል፣ ዓሣው ከታች ይጎትታል። ሲወጣ መረቡ አልበቃውም፣ ጭራው ውጭ ቀረ።

ወደብ ስንደርስ ለስድስት ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ሰዉ በሙሉ ሚዛኑን ከቧል። ድንጋይዋን ከሽቦው ፈትቼ ለእትዬ ሚዛን አስረከብኳቸው። ሁለት ሞተር ቀደም ብሎ፣ "ይህማ አይሆንም! ድንጋይዋ እርጥብ ናት፣ ውሃው ይመዝናል" አለ፤ ውሃው ቢመዝን የምጎዳው እኔ ሆኜ ሳለ! እትዬ ሚዛን በሽርጣቸው ጠረጓት፣ ተነፈሱባት፣ እንደገና ጠረጓት፣ ፊቱ ላይ ይዘው አሳዩት። ከዚያ አንዱ ሳህን ላይ አስቀመጧት። በሌላው ሳህን የመጀመሪያው ዓሣ። ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ቆመ። እኩል! ከሐይቅ ያወጣችውን ዓሣ ራሷ መዘነችው። ሁለተኛው ግን ድንጋይዋን ብድግ አደረጋት፤ አንድ ኪሎ ጨመሩባት፤ አሁንም ዓሣው ከበደ።

"አራት መቶ ሦስት ከግማሽ" አሉ እትዬ ሚዛን። "ሰባተኛው ማሰሪያ። ሞልቷል።"

ጋሼ ጡሩምባ ጡሩምባውን ነፋ፤ የራሱን ጉሮሮ ማለቴ ነው። ከወደቡ ግድግዳ ላይ ወፎች ተነሡ። ሊቀመንበሩ ጨበጠኝ። ሁለት ሞተርም መጣ፤ እጁን ዘረጋ፣ "ሠላሳ ያልሽኝ እውነት ነበር" አለኝ። "እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት" አልኩት። ሳቀ። ይገርማል፣ አልጠላሁትም።

አባባን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት መራኋቸው። ሳልታጠብ፤ ቧንቧውን እያየሁ አለፍኩት። ዛሬ "ስንት?" አላሉኝም። ያ ሜትር የተለካበት መንገድ ላይ ስንደርስ ቆሙ።

"እስቲ እጅሽን።"

ሰጠኋቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆነ።

"በይ አሁን ታጠቢ" አሉኝ። "ሰፈሩን ዓሣ ዓሣ አሸተትሽው!"